የተያዘ ትከሻ፦ መቼ ማሳረፍ፣ መቼ ማንቀሳቀስ

ቀኝ ትከሻዬ መያዝ በጀመረበት ሰሞን የደረሰኝ ምክር ሁሉ በሁለት የተከፈለ ነበር። ጎረቤቶቼና አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ ብርድ ገብቶበት ነው ብለው እጄን እንዳሳርፍ፣ ከባድ ነገር እንዳልነካ፣ ትከሻዬን በጋቢ ሸፍኜ እንድይዝ ሲነግሩኝ፣ ሌሎቹ ደግሞ ዝም ብሎ የተተወ ትከሻ ደርቆ ይቀራልና እያመመኝም ቢሆን በግድ እንዳንቀሳቅሰው አጥብቀው ይመክሩኝ ነበር። ሁለቱም ወገኖች የሚናገሩት ከልባቸው ነው፤ ሁለቱም በዚያ መንገድ የዳነ ዘመድ አላቸው። ዛሬ ሕመሙን ካለፍኩት በኋላ የምለው ለዚህ ጥያቄ ለሁልጊዜ የሚሆን አንድ መልስ እንደሌለ ነው፤ መልሱ ሕመሙ በደረሰበት ደረጃና ትከሻው ማታ ማታ በሚሰጠው ምላሽ ይወሰናል።

የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ፤ ዕድሜዬም ሃምሳን ተሻግሯል። ሕመሙ የጀመረኝ ሳልወድቅና ሳልመታ ነው። መጀመሪያ ላይ ሌሊት ብቻ፣ በቀኝ ጎኔ ስተኛ፣ ከትከሻዬ እስከ ክንዴ አጋማሽ የሚወርድ ጥዝጣዜ ነበር። ከዚያ እጄ ከፍ ማለት እየተሳነው መጣ። ጠመኔ ይዤ ከሰሌዳው አናት መጻፍ እጀምር የነበርኩት፣ ሳይታወቀኝ ጽሑፌን ወደ መሐል፣ ቆይቶም ወደ ታችኛው ግማሽ አወረድኩት፤ ኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጡት ልጆች “ቲቸር፣ አይታየንም” ማለት ሲጀምሩ ነው እጄ ምን ያህል እንደወረደ የገባኝ። ነጠላዬን ወደ ኋላ መጣል፣ ጸጉሬን ማበጠር፣ የቀሚሴን ዚፕ ከጀርባዬ መሳብ አንድ በአንድ የማይቻሉ ሆኑ። የሚወድቅ ዕቃ ለመያዝ እጄን ድንገት ስሰነዝር የሚመጣው ሕመም ደግሞ ትንፋሽ የሚያሳጣ ነበር፤ ቀኝ ክንዴን በግራ እጄ ደግፌ እስኪያልፍልኝ ከመቆም በቀር ምንም ማድረግ አልችልም ነበር።

የአጥንት ሐኪሙ ምርመራ አጭር ቢሆንም ብዙ አስተምሮኛል። ክርኔን ከጎኔ አጣብቄ፣ ከክርኔ በታች ያለውን ክንዴን ወደ ውጭ እንዳዞር ጠየቀኝ፤ አልቻልኩም። ቀጥሎ እኔ ሰውነቴን ዘና አድርጌ እሱ ራሱ ሊያዞረው ሞከረ፤ እሱንም እዚያው ቦታ ላይ አቆመው። የትከሻ ጅማት የተበጠሰበት ሰው እጁን በራሱ ማንሳት ቢያቅተውም፣ ሌላ ሰው ሲያነሣለት አብዛኛውን ጊዜ እንደሚነሣ፣ በራስም በሌላ ሰውም እጅ አልዞር የሚል ትከሻ ግን ፍሮዝን ሾልደር (የደረቀ ትከሻ) የተባለው ሕመም ዋና ምልክት እንደሆነ አስረዳኝ። ራጅ ያዘዘልኝ ስብራት፣ ውልቃት ወይም የመገጣጠሚያ መበላት አለመኖሩን ለማረጋገጥ ነበር፤ ራጁም ንጹሕ ሆኖ ተገኘ።

የስኳር ሕመምተኛ መሆኔን ስነግረው ጥያቄው በረከተ። ይህ ሕመም ከጠቅላላው ሕዝብ ከ2 እስከ 5 በመቶ የሚሆነውን ይይዛል ተብሎ ሲገመት፣ ስኳር ባለባቸው ሰዎች ላይ ግን በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ የእንቅርት እጢ መዛባት ያለባቸውም የበለጠ ይጋለጣሉ። ከ40 እስከ 60 ዓመት ባለው ዕድሜ፣ በተለይም በሴቶች ላይ ያይላል። ስለዚህ የሦስት ወር የስኳር መጠኔንና የእንቅርት ሆርሞኔን እንድመረመር አዘዘኝ። ትከሻው ስለተያዘ ብቻ ስኳር እንዳለባቸው የሚያውቁ ሰዎችም ስላሉ፣ ይህን ምርመራ ማንም እንዲዘለው አልመክርም።

የትከሻ መገጣጠሚያ በስስ ከረጢት የተከበበ ነው። ከረጢቱ እጅ ሲወርድ ከሥር ተጣጥፎ የሚቀመጥ፣ እጅ ሲነሣ የሚዘረጋ ትርፍ አለው። በዚህ ሕመም መጀመሪያ ከረጢቱ ይቆጣል፤ ቀጥሎ ይወፍርና ውሃ ነክቶት በፀሐይ እንደደረቀ ቆዳ ይኮማተራል። ሐኪሞች ሂደቱን በሦስት ይከፍሉታል፦ ሕመሙ የሚያይልበት የመጀመሪያው ጊዜ ከ2 እስከ 9 ወር፣ ሕመሙ ቀለል ብሎ ድርቀቱ የሚጸናበት ከ4 እስከ 12 ወር፣ ትከሻው ቀስ በቀስ የሚላቀቅበት ደግሞ ከ5 እስከ 24 ወር ሊወስድ ይችላል። ይህን ስሰማ መጀመሪያ ተስፋ ቆረጥኩ፤ ውሎ አድሮ ግን ከምንም በላይ ያረጋጋኝ ይኸው መረጃ ሆነ፤ በየሳምንቱ ለምን አልተሻለኝም እያልኩ ራሴን ማስጨነቄን አስቆመኝ።

ታላቅ እህቴ በዚህ መካከል ወጌሻ ዘንድ ልትወስደኝ ቆርጣ ነበር። “አጥንትሽ ቦታውን ስቶ ነው፤ አንድ ጊዜ ሳብ ቢያደርግሽ ይለቅሻል” አለችኝ። የእህቴን ፍቅር አውቃለሁ፤ ለአካባቢያችን ወጌሾችም ክብር አለኝ። ነገር ግን የኔ አጥንት አልወለቀም፤ ራጁ አሳይቷል። የተኮማተረን ከረጢት በኃይል መሳብ ደግሞ አጥንት ሊሰብር ወይም ጅማት ሊበጥስ ይችላል። ሐኪሞችም ቢሆኑ የደረቀን ትከሻ በእጃቸው የሚያላቅቁት ሕመምተኛውን አደንዝዘው፣ መጠኑን እየተቆጣጠሩ፣ ሌላው ሕክምና አልሠራ ሲል ነው። ይህን ለእህቴ ረጋ ብዬ አስረዳኋት፤ ራጁንም ለሐኪሙ እንደገና አሳይተን ከአፉ እንድትሰማ አደረግሁ። ከዚያ በኋላ ዋና አጋዤ እሷው ሆነች።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ውሳኔዬ ወደ እረፍት ያደላ ነበር፤ እረፍት ስል ግን እጅን በጨርቅ አንገት ላይ አንጠልጥሎ መዋልን ማለቴ አይደለም፤ ያ ድርቀቱን ያፋጥነዋል። ያሳረፍኩት ትከሻዬን የሚያስቆጣውን ሥራ ነው፦ ከመደርደሪያ ላይ ዕቃ ማውረድ፣ ባልዲ መሸከም፣ አክንባሎ በቀኝ እጅ ማንሳት። እንጀራ ስጋግር አክንባሎውን በግራ እጄ ማንሳት ለመድኩ። ሌሊት በግራ ጎኔ ወይም በጀርባዬ ተኝቼ፣ ከቀኝ ክንዴ ሥር ትራስ በማስገባት እጄ ወደ ኋላ እንዳይወድቅ አደርግ ነበር፤ ከሁሉም መላዎች ቶሎ እንቅልፍ የመለሰልኝ ይህ ቀላል ነገር ነው። ክርኔንና ጣቶቼን ቀኑን ሙሉ በነጻነት አንቀሳቅሳለሁ። ለትከሻው ግን አንድ እንቅስቃሴ ብቻ ነበረኝ፤ በግራ እጄ ጠረጴዛ ተደግፌ ጎንበስ እልና ቀኝ እጄን አንጠልጥዬ፣ ሰውነቴን በማወዛወዝ እጄ በራሱ ክብደት ክብ እንዲሠራ እተወዋለሁ።

ሐኪሙ በዚሁ ጊዜ መገጣጠሚያው ውስጥ የኮርቲዞን መርፌ ወጋኝ። መርፌው ሕመምን የማስታገስ ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው በመጀመሪያው ደረጃ ሲሰጥ ነው። ስኳር ያለበት ሰው ግን የደሙ ስኳር ለቀናት ከፍ ሊል እንደሚችል አስቀድሞ ማወቅና መለካቱን ማዘውተር አለበት፤ የኔም ከፍ ብሎ ነበርና የስኳር ሐኪሜ አስቀድሞ ስላወቀ ያለ ጭንቀት አለፈ። ከፋርማሲ በቀላሉ የሚገዙት እንደ ዳይክሎፌናክ ያሉ ማስታገሻዎች ደግሞ ኩላሊትንና ጨጓራን ሊጎዱ ስለሚችሉ፣ ስኳርና ደም ግፊት ያለበት ሰው ሐኪም ሳይጠይቅ ለወራት እንዳይወስዳቸው እለምናለሁ።

ሌሊቱ ሰላም መሆን ሲጀምር ወደ ፊዚዮቴራፒ ተላክሁ። ያገኘሁት ወጣት ባለሙያ ገና ሳይነካኝ “እትዬ፣ ሕመሙ ከእንቅስቃሴው በኋላ ምን ያህል ይቆይብዎታል?” ብሎ ጠየቀኝ። ሁሉንም ውሳኔዬን የመራልኝ ይህ ጥያቄ ነው። ስዘረጋ የሚሰማኝ መወጠር ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ከጠፋ መጠኑ ልክ ነው፤ ሌሊት ከቀሰቀሰኝ ወይም በማግሥቱ ከቀጠለ ቀጣዩን ቀን በግማሽ እቀንሳለሁ፤ ፈጽሞ ግን አላቆምም። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ የኔዘርላንድ ጥናት ይህን ያጠናክራል፤ 77 ሕመምተኞችን ለሁለት ዓመት ተከታትሎ፣ በሕመም ልካቸው ውስጥ ከተንቀሳቀሱት 89 በመቶው ጥሩ ደረጃ ላይ ሲደርሱ፣ ከሕመም በላይ እየተገፉ ከታከሙት ግን እዚያ የደረሱት 63 በመቶ ብቻ ናቸው። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ በዕጣ የተመደበም አልነበረም፤ ቢሆንም ትከሻዬ የነገረኝ ያንኑ ነው።

ከዚያ በኋላ እንቅስቃሴው ቀዳሚውን ስፍራ ያዘ። በሞቀ ውሃ የተነከረ ፎጣ ትከሻዬ ላይ አሳርፌ፣ ሲላላልኝ በጀርባዬ ተኝቼ የመወልወያ እንጨት በሁለት እጄ እይዛለሁ፤ ቀኝ ክርኔን ከጎኔ ሳላላቅቅ በግራ እጄ እንጨቱን ወደ ቀኝ እየገፋሁ የቀኝ እጄን ወደ ውጭ አዞረዋለሁ። ቀጥሎ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ በጣቶቼ ወደ ላይ እወጣለሁ። በዚህ ጊዜ መጠንቀቅ ያለብን ትከሻችን ወደ ጆሯችን እንዳይነሣ ነው፤ እጅ የወጣ ይመስላል እንጂ የሚንቀሳቀሰው መገጣጠሚያው ሳይሆን ከኋላ ያለው የትከሻው ጠፍጣፋ አጥንት ይሆናል። እህቴ ከኋላዬ ቆማ እጇን ትከሻዬ ላይ በማሳረፍ ወደ ላይ ሲወጣ “ትከሻሽ ተነሣ” ትለኝ ነበር። አንድ ጊዜ ረጅም ሰዓት ከመሥራት ይልቅ በቀን ውስጥ ደጋግሞ ጥቂት ደቂቃ መሥራት የተሻለ ውጤት ሰጠኝ፤ በትምህርት ቤት የዕረፍት ሰዓትም የመምህራን ክፍሉን ግድግዳ እጠቀም ነበር። በሁዳዴ ጾም ስግደቱን በቁም ጎንበስ ብዬ ፈጸምኩት፤ እጄን መሬት ላይ ተደግፎ መነሣቱ ገና ስለነበር።

ለውጡ በጣም አዝጋሚ ስለነበር ቀዶ ሕክምና ልጠይቅ ያሰብኩበት ጊዜ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት 503 ሕመምተኞችን በዕጣ ከፍሎ፣ መርፌን ከፊዚዮቴራፒ ጋር፣ በማደንዘዣ ማላቀቅንና በካሜራ የሚደረግ ቀዶ ሕክምናን ሲያወዳድር ከዓመት በኋላ አንዱ ከሌላው ጎልቶ እንዳልተሻለ ሐኪሙ ሲነግረኝ፣ በያዝኩት መንገድ ለመቀጠል ወሰንኩ። ትከሻው ከረጅም ጊዜ በኋላም አልላቀቅ ላለው ሰው ቀዶ ሕክምናው ተገቢ ምርጫ ነው።

አሁን እጄ ወደ ላይ ሙሉ በሙሉ ይነሣል፤ ወደ ውጭም በደንብ ይዞራል። የቀረኝ ወደ ጀርባ መድረሱ ነው፤ ዚፑን እስከ መጨረሻው ለመሳብ አሁንም እህቴን እጠራለሁ፤ ይህ እንቅስቃሴ አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ የሚመለስ ነውና ልምምዱን አልተውኩም። ሕመሙ በሌላው ትከሻም ሊመጣ እንደሚችል ስለማውቅ በየጊዜው መስታወት ፊት ቆሜ፣ ሁለቱንም ክርኖቼን ከጎኔ አጣብቄ እጆቼን ወደ ውጭ በማዞር ግራውን ከቀኙ ጋር አስተያያለሁ። ግራው ማጠር ከጀመረ ሌሊት እስኪቀሰቅሰኝ ሳልጠብቅ፣ የስኳር መከታተያ ደብተሬን ይዤ በዚያው ሳምንት ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ።