ዕድሜ ለመንኩለት

ልጄ በተወለደ በ10 ወሩ ጥቂት የእንቁላል ፍርፋሪ ቀመሰ። ብዙም ሳይቆይ ከንፈሩ አበጠ፣ ገላው በሽፍታ ተሸፈነ፣ ትንፋሹ ሲር ሲር ማለት ጀመረ። ሐኪም ቤት ጭኑ ላይ የአድሬናሊን መርፌ ሲወጉት እኔ በሩ ሥር ተንበርክኬ «ጌታዬ፣ አትውሰድብኝ» ከማለት ሌላ ቃል አላገኘሁም። በዚያች ሌሊት ልጄን መለሰልኝ። ዛሬ የምመሰክረው ግን ከዚያ በኋላ ስለ ነበረው ረጅም ልመና ነው።

ሐኪሟ ተስፋ ሰጥታኝ ነበር። የወተት፣ የእንቁላል፣ የስንዴና የአኩሪ አተር አለርጂ አብዛኞቹን ሕፃናት እያደጉ ሲሄዱ ይለቃቸዋል፤ የኦቾሎኒው ግን የሚለቀው ከ5 ልጆች 1ዱን ያህል ብቻ ነው፤ የዓሣውም ብዙውን ጊዜ ሳይለቅ አብሯቸው ይኖራል። ይህን ከሰማሁ ጀምሮ ለእነዚያ ልጆች እናቶች ሳልጸልይ አልተኛሁም።

እንቁላል ከቤታችን ወጣ፤ መርፌው ከቦርሳዬ ሳይለይ ኖረ። ሰውነቱ እንቁላልን እንደ ጠላት ቆጥሮ የሚያመርተው ፀረ እንግዳ አካል በየዓመቱ በደም ምርመራ ይለካል። 3 ዓመት ሲሆነው መጠኑ ምንም አልቀነሰም ነበር። በዚያ ሰሞን አንዲት የምወዳት እህት «ከጸለይሽ እመኚና አቅምሺው» አለችኝ። ልቤ ሊነሣ ደርሶ ነበር። ነገር ግን በዚያች ሌሊት መርፌውንም የላከልኝ እርሱ አይደለምን? አላቀመስኩትም። እናቶች ሆይ፣ የደሙ ውጤት ቢወርድ እንኳ ቤት ውስጥ አትሞክሩት፤ እለምናችኋለሁ።

4 ዓመት ሲሞላው መጠኑ መውረድ ጀመረ። 5 ዓመት ተኩል ሲሆነው ሐኪሟ «አሁን እንሞክረው» አለች። ሐኪም ቤት ውስጥ፣ መርፌው አጠገቡ ተዘጋጅቶ፣ መጀመሪያ ቅንጣት ታህል ሰጡት፤ ጠብቀው ጨመሩለት፤ እንደገና ጠብቀው ጨመሩለት። እነርሱ ትንፋሹን፣ የደም ግፊቱንና ቆዳውን ሲመረምሩ እኔ ዓይኔን ከከንፈሩ ላይ አልነቀልኩም። አንድ ሙሉ እንቁላል ጨረሰ። ከዚያም ሰዓታት ጠበቅን። ከንፈሩ እንደ ነበረ ነው!

«የለቀቀው በዕድሜ ነው እንጂ በጸሎት አይደለም» የሚሉኝ አሉ። እኔስ በየሌሊቱ የለመንኩለት ዕድሜ አልነበረምን?

ሐኪሟ እንቁላሉን ሳያቋርጥ እንዲበላ አዘዘች። ትናንት ጠዋት በገዛ እጁ ልጦ ግማሹን ሰጠኝ። እኔም ከዚያች ሌሊት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቁላል በላሁ።