የደብረ ብርሃኑ ብርሃን ምን ነበር? የተአምር ማስረጃ ስመዝን የደረስኩበት

ሰሞኑን ደስ ብሎኛል። በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዜና መዋዕል ውስጥ ስለ ከተማችን ስለ ደብረ ብርሃን የሚያወራውን ክፍል በግዕዙ አንብቤ ጨረስኩ። መዝገበ ቃላት አጠገቤ አስቀምጬ፣ ሲቸግረኝ የኔታን እየጠየቅኩ ነው እንጂ በራሴ ጉልበት አይደለም። ቢሆንም ጨርሻለሁ። የክርስትናን የተአምር ታሪኮች በታሪክ ማስረጃ የመመዘን ልምምዴ የት እንደደረሰ ለጠየቃችሁኝ፣ ይኸው።

አጀማመሬ እንደማንኛችሁም ነው። መጀመሪያ የሂዩምን ክርክር አነበብኩ። ስኮትላንዳዊው ፈላስፋ በ1748 ያሳተመው ነው። ባጭሩ፣ የምስክሩ መዋሸት ወይም መሳሳት ከተአምሩ የባሰ የማይታመን ካልሆነ በቀር ተአምሩን አትቀበል ይላል። ጎበዝ ነው። ግን ዕቃው ገበያ ሳይወጣ ዋጋው የተቆረጠ ይመስለኛል። ከዚያ ወደ ጳውሎስ ሄድኩ። 1ኛ ቆሮንቶስ 15 ከስቅለቱ ሃያ ምናምን ዓመት በኋላ የተጻፈ ነው። ኬፋንና ያዕቆብን በስም ይጠራል፤ ከአምስት መቶው ምስክሮችም የሚበዙት ገና በሕይወት አሉ ይላል። ለጥንት ታሪክ ይህ በጣም ቅርብ ነው። ስለ ታላቁ እስክንድር በእጃችን ያሉት ሙሉ ታሪኮች እሱ ከሞተ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይተው የተጻፉ ናቸው። የትንሣኤው ገጽ ግን በደብተሬ ላይ ገና ስላልሞላ እዚህ ላይ አልፈላሰፍም።

ከሁሉም የጠቀመኝ ደብተሩ ነው። አንዱን ገጽ በሦስት ዓምድ እከፍለዋለሁ። ምን ታየ? የታየው ነገር ምን ነበር? ምን ማለት ነው ተባለ? በቃ። እኛ ሰፈር የተአምር ክርክር የሚበላሸው ሦስቱ ስለሚደበላለቁ ነው። አንዱ የመጀመሪያውን ያስረዳና ሦስተኛውን ያሸነፈ ይመስለዋል። ሌላው ሦስተኛው አልጥም ሲለው የመጀመሪያውን ይክዳል።

አሁን ወደ ብርሃኑ። ታሪኩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ንጉሡ ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉትን መነኮሳት በድንጋይ አስወገረ። ከ38 ቀን በኋላ ብርሃን ከሰማይ ታየ። ንጉሡም እግዚአብሔር ሥራዬን ወደደልኝ ብሎ ቤተ ክርስቲያን ሠራ፤ ቦታውም ደብረ ብርሃን ተባለ። ከዚያ በኋላ የቀረውን ዕድሜውን አብዛኛውን እዚሁ ኖረ።

የመጀመሪያው ዓምድ ከጠበቅኩት በላይ ጠንካራ ሆኖ አገኘሁት። ነገሩ በጓዳ የታየ ራእይ አይደለም፤ በአደባባይ የታየ ነው። ብርሃኑን ተከትሎ ቤተ ክርስቲያን ተሠርቷል፣ ከተማ ተቆርቁሯል። ጸሐፊውም ዝም ብሎ የሚያሞካሽ ሰው አይደለም። በዚያ ንጉሥ ዘመን ሕዝቡ ምን ያህል በፍርሃት ይርድ እንደነበር ይጽፋል። ንጉሡ በገዛ ልጆቹ ላይ ያደረሰውን ቅጣት እንኳ አልደበቀም። የንጉሡን ነውር የሚጽፍ ሰው ሲመሰክር ጆሮ ይሰጠዋል። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ቤተ ክርስቲያኑ መሠራቱ ንጉሡ ማመኑን ወይም አመንኩ ማለቱን ነው የሚያስረዳው። ብርሃኑን ራሱን አያስረዳም።

ሁለተኛው ዓምድ ላይ ነው ሳምንታት የበላኝ። «የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ነው» የሚባለውን ሰምታችኋል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1456 ኮከቡ በእርግጥ ታይቷል። በኛ 1448 ዓ.ም. ማለት ነው። የተማረ ሰው ይህን ይልና ቡናውን ይጠጣል። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር የተቀበልኩት፤ ዘመናዊ ይመስላላ! እስቲ ቀኑን እናስላው።

የሚጠቀሰው ቀን መጋቢት 10 ነው። ያኔ አውሮፓ በቀድሞው የጁልየስ አቆጣጠር ስለነበረች የ1448 መጋቢት 10 በነሱ ማርች 6 ላይ ይውላል። (ስልካችሁ ላይ ባለው መቀየሪያ ብትሞክሩት ማርች 15 ይላችኋል። የዛሬውን የግሪጎርዮስ አቆጣጠር ወደኋላ ስለሚወስድ ነው። ከ1582 በፊት ላለ ቀን አትመኑት።) ኮከቡ ለፀሐይ በጣም የቀረበው ጁን 9 ነው፤ በኛ ሰኔ 15። ደምቆ የታየው በዚያው ሰሞን ነው። በመካከሉ ሦስት ወር አለ! ግንቦት 3 የሚል ሌላ ቀንም ይጠቀሳል፤ እሱም አይደርስም። ሰኔ አጋማሽ ደግሞ የኛ ሰማይ ደመና መጎተት የሚጀምርበት ጊዜ ነው።

ዓመቱም ቢሆን አልጠራም። አንዳንዱ የከተማዋን ምሥረታ 1446 ይላል፣ ሌላው 1448። ዓመቱን በኮከቡ ከወሰንን በኋላ ኮከቡን በዓመቱ ማስመስከር አይቻልም። ክብ መሮጥ ነው።

ስለዚህ በኔ እይታ «ኮከብ ነው» ብሎ መዝጋት «ተአምር ነው» ብሎ ከመዝጋት የተሻለ ሥራ አይደለም። ሁለቱም ማሰብ ማቆሚያ ናቸው። ተጠራጣሪዎችም እኮ የራሳቸው ተረት አላቸው። ያን ዓመት የሮማው ጳጳስ ካሊክስቶስ ሦስተኛ ይህንኑ ኮከብ አወገዙት እየተባለ ስንት ጊዜ ተጽፏል። የጳጳሱ ደብዳቤ ግን ጸሎትና ደወል የሚያዝዘው ስለ ቱርክ ጦርነት ነው፤ ኮከቡን አያነሳም። «ሃይማኖተኛ ሞኝ ነው» የሚል ታሪክ ስለሚጥም ብቻ ሳይመረመር ያልፋል።

የመጋቢት 10 ነገር ግን በሌላ በኩልም ይቆረቁረኛል። ቀኑ መስቀሉ የተገኘበት በዓል ነው። የተወገሩት ደግሞ ከተከሰሱበት ነገር አንዱ ለመስቀል አንሰግድም አላችሁ የሚል ነው። ምልክቱ ክሱን እንዲህ ልክክ ብሎ ሲገጥም ደስ አይለኝም። ቀኑን ሰማይ መርጦት ሊሆን ይችላል። ጸሐፊም ሊመርጠው ይችላል።

ሦስተኛው ዓምድ ላይ እጄ አልተንቀጠቀጠም። ብርሃኑ ለውግራቱ የተሰጠ ይሁንታ ነው ያለው ማን ነው? ወጋሪው ራሱ። የተወገሩት ወገኖች ገድሎች ደግሞ ተርፈውልናል። ከአብ፣ ከወልድና ከመንፈስ ቅዱስ በቀር ለማንም አንሰግድም ስላልን ተገደልን ይላሉ፤ ሟቾቹንም ሰማዕት ይሏቸዋል። እነሱም ተአምር ይቆጥራሉ። ሁለቱም ወገን በአንድ እግዚአብሔር ስም ይምላል። ስለዚህ በደብተሬ የጻፍኩት እንዲህ ነው፦ አንድ ነገር ታይቷል፣ ሳይሆን አይቀርም። ምንነቱን ማስረጃው አይወስንም። ትርጉሙ የንጉሡ ነው። አማኝ ነኝ፤ ይህን ስጽፍ ግን እምነቴ ቅንጣት አልተነካም። እንዲያውም አምላኬን ከዚያ ድንጋይ ውርወራ ላይ ስላነሳሁት ቀለል አለኝ። ሰበካ ጉባኤ ላይ ይህን አልናገርም፤ እናንተም አትናገሩብኝ።

ለጀማሪ ምከር ካላችሁኝ፣ በሩቅ ዘመን ጀምሩ። የዛሬ ጠበል ላይ አትጀምሩ። ሉርድ በምትባለው የፈረንሳይ የጠበል ከተማ ካቶሊኮቹ ከ1883 ጀምሮ የሐኪም ቢሮ አላቸው። ከቀረቡለት ከ7,000 በላይ የፈውስ ታሪኮች ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ተአምር ብላ የተቀበለችው 70 ገደማውን ብቻ ነው። አሠራሩ ያስቀናኛል። በሽታው ቀድሞ በሐኪም የተመዘገበ፣ ፈውሱ ድንገተኛ፣ የቆየ መሆን አለበት። እኛ ጋ ይህን በወረቀት ማሰብ ቀላል ነው። ጻድቃኔ ማርያም ወይም ሸንኮራ ዮሐንስ ሄጄ ልጇን ታቅፋ እልል የምትለዋን እናት «የሐኪም ወረቀት አለሽ?» ልበላት? አልልም። እልልታውን አብሬ አቀልጠዋለሁ፣ ደብተሬንም አላወጣም። ይህ ከዘዴዬ ጋር እንደሚጣላ አውቃለሁ። ይጣላ።

ቀጣዩ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ገድል ነው። የኢቲሳ ልጅ ናቸውና የሰፈራችን ጉዳይ ነው። የደብረ ሊባኖሱ ቅጂ የተጻፈው ካረፉ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው፤ የዋልድባው ይቀድመዋል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ የትኛው ተአምር የቱ ላይ እንዳለ፣ የትኛው የቱ ላይ እንደሌለ መልቀም እፈልጋለሁ። የዋልድባው ኅትመት ያላችሁ ንገሩኝ፤ የፎቶ ኮፒውን እኔ እችላለሁ።