ዘይቱ ከኪሎሜትር ገመዱ ሥር ነበር የሚወጣው

አሮጌው ፒክአፔ በቆመበት ሁሉ የዘይት ምልክት መተው ከጀመረ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። መጀመሪያ ላይ የሳንቲም ያህል ስለነበረ ግድ አልሰጠኝም። በኋላ ማታ ማታ ከሥሩ ካርቶን እያነጠፍኩ ጠዋት ማየት ጀመርኩ። ነጠብጣቡ ቀስ በቀስ መዳፍ አከለ።

ቦታው ከካምቢዮው ጭራ በታች ነው። እዚያ ዘይት ያየ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠረጥረው የኋላውን ፓራኦሊዮ፣ ማለትም በሚዞረው ዘንግ ዙሪያ ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘውን የጎማ ቀለበት ነው፤ እኔም እሱኑ ጠረጠርኩ። ወደ ኋላ የሚሄደውን ዘንግ ፈትቼ ፓራኦሊዮውን ቀየርኩት። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። በማግስቱ ካርቶኑ ላይ ያው ነጠብጣብ ጠበቀኝ።

የተሳሳትኩት ሳላጥብ በመጀመሬ ነው። ዘይት የሚንጠባጠብበት ቦታና የሚወጣበት ቦታ ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም። ከላይ ይወጣል፣ በካምቢዮው ጎን ተንሸራቶ ይወርዳል፣ መኪናው ሲሄድ ነፋስ ወደ ኋላ ይገፋዋል፣ ከዚያ ዝቅ ያለ ጠርዝ ሲያገኝ እዚያ ይንጠባጠባል። ስለዚህ በሁለተኛው ዙር መጀመሪያ በብሩሽና በማጠቢያ ፈሳሽ የካምቢዮውን ጭራ አጥርቼ አጠብኩት። ሲደርቅ የሕፃን ፓውደር ነሰነስኩበት። 20 ደቂቃ ያህል ነድቼ ተመለስኩና በባትሪ ብርሃን ከሥር አየሁት። ነጩ ፓውደር ላይ የረጠበ መስመር ተሠርቷል። መነሻውን ተከትዬ ወደ ላይ ስሄድ የኪሎሜትር ገመዱ ካምቢዮው ውስጥ የሚገባበት ቦታ ላይ ደረስኩ።

እዚያ ቦታ ላይ ምን እንዳለ ላስረዳ፣ ምክንያቱም ይህን ካወቃችሁ ሥራው በጣም ይቀልላችኋል። በካምቢዮው መውጫ ዘንግ ላይ አንድ ጥርስ፣ ማለትም ዙሪያውን ጥርሳም የሆነ መዘውር አለ። እሱ አንዲት ትንሽ፣ አብዛኛውን ጊዜ ፕላስቲክ የሆነች ጥርስ ያሽከረክራል። ትንሿ ጥርስ ቀጭን እግር አላት፤ እግሯ የሚዞረው ቱቦ በመሰለ ማቀፊያ ውስጥ ነው። ማቀፊያው ካምቢዮው ጎን ላይ ባለ ቀዳዳ ገብቶ በአንድ ቡሎንና በአንድ መያዣ ብረት ይታሰራል። ገመዱ ማቀፊያው ጫፍ ላይ ይጠመዳል፣ ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን ቀስትም የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው።

ዘይቱ ታዲያ ሁለት መውጫ አለው። አንደኛው ከማቀፊያው ውጪ ነው፤ እዚያ ኦሪንግ የሚባል ክብ የጎማ ቀለበት ይዞታል። ሁለተኛው ከማቀፊያው ውስጥ፣ በጥርሷ እግር ዙሪያ ነው፤ እዚያ ደግሞ ትንሽዬ ፓራኦሊዮ አለ። የትኛው እንደሆነ ለመለየት ገመዱን ፍቱት። የገመዱ ጫፍ ደረቅ ሆኖ ማቀፊያው ሥር ብቻ ከረጠበ ጥፋቱ የኦሪንጉ ነው። ገመዱ ራሱ ዘይት ከጠጣ ውስጠኛው ፓራኦሊዮ አልቋል። ይሄኛው ቸል የሚባል አይደለም፤ ገመዱ ውስጥ የሚሽከረከረው ጥምዝ ሽቦ ልክ የመሰርሰሪያ ጫፍ ፍቅፋቂውን ወደ ላይ እንደሚያወጣው ዘይቱን እየሳበ ሊወስደውና ቆጣሪው ድረስ ሊያደርሰው ይችላል። የእኔ ሁለቱም ነበሩ።

ከመፍታታችሁ በፊት የካምቢዮውን መተንፈሻ እዩ። ካምቢዮው ሲሞቅ ውስጡ ያለው አየር ይሰፋል። መተንፈሻው ከተደፈነ ያ ግፊት ዘይቱን በደከመው ፓራኦሊዮ በኩል ገፍቶ ያስወጣዋል፣ አዲስ ብትገጥሙም ትንሽ ቆይቶ ያው ይሆናል። የእኔው በጭቃ ተደፍኖ አገኘሁት፣ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ግኝት እሱ ነበር።

አፈታቱ ከባድ አይደለም፣ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። መሬቱ ደልዳላ፣ ካምቢዮው የቀዘቀዘ ይሁን። ጎማ ላይ ታኮ አድርጉ፤ በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር በፍጹም አትግቡ፣ ጠንካራ መቆሚያ ይኑረው። የኋላውን ከፍ ካደረጋችሁ ዘይቱ ወደ ፊት ስለሚሸሽ ከቀዳዳው የሚፈሰው ይቀንሳል። የሆነው ሆኖ ከሥር ዕቃ አስቀምጡ።

ከዚያ ቡሎኑን ከመንካታችሁ በፊት የማቀፊያውን አቀማመጥ ምልክት አድርጉበት። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። በአንዳንድ መኪኖች የማቀፊያው ቀዳዳ መሃል ላይ አይደለም፣ ወደ አንድ ጎን ያጋደለ ነው፤ ዞሮ ከገባ ጥርሶቹ ወይ በጣም ይጣበቃሉ ወይ አይገናኙም፣ ያቺ የፕላስቲክ ጥርስም ወዲያው ትበላለች። ማቀፊያው አልወጣ ካለ በካቻቪቴ አትፈልቅቁት፤ የካምቢዮው አካል አሉሚኒየም ከሆነ ይጎዳል። ዝገት ማስለቀቂያ ነፍቶ መጠበቅ፣ ከዚያ በፒንሳ ወዲያና ወዲህ እያዞሩ ቀስ ብሎ መሳብ ነው። የእኔ ሩብ ሰዓት ፈጅቶ ወጣ።

አሮጌው ኦሪንግ በአንድ በኩል ጠፍጥፎ እንደ ፕላስቲክ ደርቆ ነበር። ሳጥፈው ተሰበረ። አዲስ ስትገዙ ልኩን ከአሮጌው አትውሰዱ፣ እሱ ቅርጹን ለቋል፤ ከመለዋወጫ ቁጥሩ ወይም ከማቀፊያው ጎድጓዳ መስመር ውሰዱ። ዓይነቱ ዘይት የሚችል ናይትራይል የሚባል ጎማ ይሁን፣ ቫይተን ከሆነ ደግሞ ሙቀቱን የበለጠ ይችላል። ለውሃ ቧንቧ ከተሠሩት ጎማዎች ብዙዎቹ በዘይት ውስጥ አብጠው ይበላሻሉ። በኦሪንግ ፈንታ ሲሊኮን መቀባትን አልደግፍም፤ ዘይት በነካው ቦታ በደንብ አይጣበቅም፣ ትርፉም ካምቢዮው ውስጥ ይወድቃል።

ትንሹን ፓራኦሊዮ ስትገጥሙ ከንፈሩ ዘይቱ ወዳለበት ወደ ካምቢዮው ይዙር። ለብቻው ካልተገኘ ማቀፊያውን በሙሉ መቀየር ነው። ጥርሷንም ከቀየራችሁ ዙሪያዋ ያሉትን ጥርሶች ቁጠሩ። ባለ 20 ጥርስ አውጥታችሁ ባለ 21 ብትገጥሙ ገመዱ በ5 በመቶ ገደማ ዝግ ብሎ ይዞራል፣ ቀስቱም ከእውነተኛው ፍጥነት ያነሰ ያሳያችኋል።

ሁሉንም በንጹሕ ዘይት አርሳችሁ በእጅ አስገቡ። እስከ መጨረሻው ካልገባ በቡሎኑ ኃይል አትጭኑት፣ ጥርሶቹ ስላልተገናኙ ነው፤ ዘንጉን ትንሽ አዙሩት፣ ራሱ ይገባል። ቡሎኑ ትንሽ ስለሆነ ልክ ሲይዝ ተዉት። ገመዱን ዘይቱን ጠርጌለት ከታች ጀምሮ ሁለት ሦስተኛው ድረስ ስስ ግራሶ ቀባሁት፣ ላይኛውን ጫፍ ግን ሆን ብዬ ተውኩት፤ ግራሶውም ወደ ቆጣሪው እንዲወጣ አልፈልግም።

በመጨረሻ የካምቢዮውን ዘይት መጠን አየሁ፣ ሁለት ወር ሲያፈስ ስለቆየ ጎድሏል። የመኪናው መጽሐፍ የሚለውን ዓይነት ጨመርኩ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ይንቀጠቀጥ የነበረው የዳሽቦርዱ ቀስትም ረግቷል። ካርቶኑን ገና አላነሳሁትም፣ ጠዋት ጠዋት አሁንም ጎንበስ ብዬ አየዋለሁ፣ እስከ ዛሬ ደረቅ ነው።