የሽጉጥ ቀበቶዬ አሁን የደረሰበት፦ ምን ቀረ፣ ምን ወረደ

እዚህ ሰሜን ቨርጂኒያ አብረን የምንተኩስ ወንድሞችና እህቶች ስለ ቀበቶዬ ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁኝ፣ አሁን የደረሰበትን ላካፍላችሁ። መጀመሪያ ዓላማው ይታወቅ። ይሄ በየቀኑ ከሸሚዝ ሥር ተደብቆ የሚያዝ አይደለም። ሌሊት ቤቴ ላይ ክፉ ነገር ቢመጣ አንስቼ ወገቤ ላይ የማስረው፣ ለስልጠና ስሄድም ያንኑ የምታጠቀው ነው። ሁለቱን ሥራ ለአንድ ቀበቶ የሰጠሁት አስቤበት ነው። እጅ የሚያውቀው የለመደውን ቦታ ብቻ ነው፤ በጨለማ ደግሞ ዓይን አይረዳም።

ስለዚህ ከጅምሩ አንድ ደንብ አበጀሁ፦ ቀበቶው ላይ ቦታ የሚያገኘው በልምምድ ያስመሰከረ ዕቃ ብቻ ነው። በፎቶ የምናያቸው ቀበቶዎች ከሆድ እስከ ጀርባ የሞሉ ናቸው፤ ቢላዋ፣ ራዲዮ፣ አራት ካዝና (ጥይት ተሞልቶ ሽጉጡ ውስጥ የሚገባው)፣ የእጅ ካቴና ሳይቀር። ለፖሊስና ለወታደር ሥራው ይጠይቀዋል። እኔ አባወራ ነኝ፤ መንገዴ ከመኝታ ቤት እስከ ልጆቼ ክፍል ነው።

ክብደቱን አስቡት። ግሎክ 19 የተባለው ሽጉጥ ባዶውን 600 ግራም ገደማ ነው፤ 15 ጥይት የጎረሰ ካዝና ሲገባበት ወደ 850 ይጠጋል። እያንዳንዱ ትርፍ ካዝና ሩብ ኪሎ ይጨምራል። ሽጉጡ ላይ የሚገጠም መብራት፣ ማህደር (ሽጉጡ የሚገባበት አፎት)፣ የቀበቶው የራሱ ክብደት ሲደመር ሁለት ኪሎ ማለፍ ቀላል ነው። ያ ሁሉ ወገብ ላይ ተንጠልጥሎ መንበርከክ፣ መነሳት፣ ደረጃ መሮጥ አለ። የእኔ አራት ካዝና ወደ ሁለት የወረደው በዚህ ምክንያት ነው፤ የወረዱት ሲወርዱ ደግሞ ምንም አላጎደሉብኝም።

ቀበቶው ድርብ ነው። የውስጠኛው 38 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ስስ ቀበቶ ሲሆን በሱሪው ማስገቢያዎች ውስጥ ያልፋል፤ የውጭ ፊቱ በሙሉ ቬልክሮ የሚባለው ተለጣፊ ጨርቅ ነው። የላይኛው 45 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ ደረቅና የማይታጠፍ ነው፤ በጀርባው ያለው ቬልክሮ ከውስጠኛው ጋር ይነካከሳል። ዕቃው ሁሉ የሚታሰረው በላይኛው ላይ ነው። የውድድር ተኳሾች በዚህ ድርብ አሠራር ሲጠቀሙ ኖረዋል፤ ምክንያቱም ሽጉጥ ሲመዘዝ ቀበቶው አብሮ ወደ ላይ መሳብ የለበትም። ስትገዙ የሱሪያችሁን ቁጥር አትስጡ። በለበሳችሁት ልብስ ላይ፣ በማስገቢያዎቹ ዙሪያ በሜትር ለኩ።

ግን ሌሊት በፒጃማ ስነሳ ውስጠኛው ቀበቶ የለም። ብዙ ሰው ይህን አያነሳውም፤ ለእኔ ግን ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ እሱ ነበር። የላይኛው ብቻውን ሲታሰር ይንሸራተታል፤ ቬልክሮውም ሆድ ይፋቃል። አሁን ቬልክሮው ላይ የሚለጠፍ፣ የማያንሸራትት ስስ ንጣፍ አድርጌበታለሁ። ቀበቶው ቤት ሲያድር ንጣፉ ይለጠፋል፤ ለስልጠና ሲወጣ ይላቀቃል። የቀበቶው ማስተካከያ ሁለቱንም ልክ የሚችል መሆን አለበት፤ ሲጠብቅ ለፒጃማ፣ ሲላላ ለጃኬት። ማያያዣው አውስትሪአልፒን የተባለው የኦስትሪያ ኩባንያ የሚሠራው ኮብራ ነው። ሁለቱን ጎን አንድ ላይ ካልተጫኑት አይከፈትም፤ ሲሳብም አይላቀቅም። ሲገጥም ቀጭ ይላል፤ በጨለማ ያንን ድምፅ መስማት ትልቅ ነገር ነው።

በማህደሩ ላይ አትሰስቱ። የቃታውን መከለያ ሙሉ በሙሉ የማይሸፍን ማህደር በነፃ ቢሰጣችሁም አትቀበሉ። የእኔ የሳፋሪላንድ ነው፤ ሽጉጡ ሲገባ በራሱ ይቆለፋል፣ በአውራ ጣት ተጭነው ነው የሚለቁት። መብራት ካለው ሽጉጥ ጋር የሚሄደው ማህደር ለዚያ ሽጉጥና ለዚያ መብራት የተሠራው ብቻ ነው፤ ስለዚህ የትኛውን መብራት እንደምትገዙ አስቀድማችሁ ወስኑ፣ ማህደሩ ይከተላል። ከወገብ ትንሽ ዝቅ የሚያደርገውን ማንጠልጠያ ነው የመረጥኩት። ጃኬት አይጋርደውም፣ ክርንም እስከ ብብት መውጣት የለበትም። እስከ ጭን የሚወርደውን ግን አልወደውም፤ ሲሮጡበት ይወዛወዛል።

ካዝናዎቹ በግራ ፊት ናቸው፣ የጥይቶቹ ጫፍ ወደ እምብርቴ ይዞራል። እንዲያ ሲሆን አመልካች ጣት ጫፉን ነክቶ ካዝናውን በቀጥታ ወደ መያዣው ይመራዋል። በአድዋ በዓል አባት አርበኞች ታጥቀው ሲወጡ ዝናራቸውን አስተውላችሁ እንደሆነ፣ ጥይቱ የተደረደረው ከፊት ነው፤ እጅ ሳይፈልግ የሚያርፍበት ቦታ።

ሦስተኛው ካዝና የነበረበትን ቦታ ቱርኒኬት የምንለው የደም ማቆሚያ ማሰሪያ ወስዶታል። ከቀበቶው ላይ አንድ ነገር ብቻ አስቀር ብባል፣ ከሽጉጡ ቀጥሎ እሱን ነው የማስቀረው። ከእጅ ወይም ከእግር የሚፈስ ከባድ ደም በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል፤ አምቡላንስ ላይደርስ ይችላል። ይህ ደግሞ በጥይት ብቻ የሚመጣ አይደለም። በመኪና አደጋ፣ በወጥ ቤት ቢላዋ፣ በሣር ማጨጃ ማሽንም ይመጣል። የእኔ ቱርኒኬት ከፕላስቲኩ ወጥቶ፣ ተዘጋጅቶ፣ በሁለቱም እጅ በሚደረስበት በመሀል ሆድ ላይ ነው ያለው፤ ቀኝ እጄ ቢጎዳ ግራው ማውጣት አለበት። ከቁስሉ በላይ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ራቅ ብሎ ይታሰራል፣ መገጣጠሚያ ላይ አይታሰርም፣ ደሙ እስኪቆም ይጠበቃል፣ የታሰረበት ሰዓት ይጻፍበታል። ያማል፤ ስላመመ ብላችሁ አታላሉት። እ.ኤ.አ. በ2015 በዋይት ሐውስ የተጀመረው «ስቶፕ ዘ ብሊድ» የሚባለው ስልጠና ለማንም ሰው ክፍት ነው። ሽጉጥ የማይወዱ ዘመዶቻችሁንም ይዛችሁ ሂዱ።

ከአከርካሪ ላይ ጠንካራ ነገር በሙሉ አንስቻለሁ። በጀርባ ቢወደቅ የሚጎዳው እሱ ነው። እዚያ ያለው የፋሻ ከረጢት ብቻ ነው፣ ለስላሳ ነው።

ልምምዱ አብዛኛው ያለ ጥይት ነው። ብዙ የቤት ውስጥ ተኩስ ቦታዎች ከማህደር መምዘዝ አይፈቅዱም፤ ስለዚህ ምዘዛው የሚሠራው ቤት ወይም ኮርስ ላይ ነው። ጥይት ሁሉ ከክፍሉ ይወጣል፣ ጥይት የሚገባበት የሽጉጡ ጎሬ በዓይንም በጣትም ይታያል፣ አፈሙዙ ጥይት ሊይዝ ወደሚችል ግድግዳ ብቻ ይዞራል። ስትመልሱ አትቸኩሉ። መምዘዝ ፍጥነት ሊጠይቅ ይችላል፤ ወደ ማህደር መመለስ ግን የሚያስቸኩል ነገር የለውም፣ የልብስ ጫፍ ቃታ ውስጥ የሚገባውም ያኔ ነው።

ልጆች ስላሉኝ ቀበቶው ከሽጉጡ ጋር ተሰቅሎ አያድርም። ሽጉጡ በጣት ቁልፍ በሚከፈት ሳጥን ውስጥ ያድራል፣ ቀበቶው ከጎኑ። በቨርጂኒያ ከ14 ዓመት በታች ያለን ልጅ አደጋ ላይ በሚጥል ሁኔታ የጎረሰ መሣሪያ በግዴለሽነት መተው ወንጀል ነው፤ ሕጉ ባይኖርም ያው ነው የማደርገው። ፈቃድን በተመለከተ፣ ተደብቆ ለሚያዝ ሽጉጥ የሰርኪዩት ፍርድ ቤት የሚሰጠው ወረቀት አምስት ዓመት ያገለግላል፤ ሜሪላንድና ዲሲ ግን አይቀበሉትም። ሜሪላንድ ያለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ዘመድ የሌለው ሐበሻ የለምና፣ ከስልጠና ቀጥታ ለቅሶ ወይም ክርስትና ልትሄዱ ካሰባችሁ መጀመሪያ ቤት ግቡ፣ ቆልፋችሁት ውጡ።

አሁን የያዝኩት የባለቤቴን ቀበቶ ነው። ግራኝ ናት፤ የእኔን መገልበጥ ብቻ ይበቃል የሚል ሰው ይኖራል፣ አይበቃም። የሴት ዳሌ ወደ ውጭ ስለሚሰፋ የማህደሩን አፍ ወደ ጎድን ያዘነብለዋል፤ እጀታው ወገቧን ይወጋታል። ከአካል የሚያርቅ ማራቂያና ትንሽ ዝቅታ ስንጨምርለት ቀጥ ብሏል። የቀረን የካዝናዎቹ ቦታ ነው፤ ከእኔ አጠር ያለ ወገብ ስላላት ከቱርኒኬቱ ጋር ይጋፋሉ። አንዱን ካዝና አውርደን በአንድ ብቻ እየሞከረችው ነው። ግራኝ የሆናችሁ እህቶች እንዴት እንዳደረጋችሁት ብትጽፉልን ደስ ይለናል።