ሚዶው ያልያዘበት ቀን
ትናንት ማታ ውሻዬን ዳማን ከጆሮዋ ጀምሬ እስከ ጭራዋ ጫፍ አበጠርኳት። ሚዶው አንድም ቦታ አልያዘም። መሃል ላይ እንዲያውም እንቅልፍ ወሰዳት። ከ8 ወር በፊት ሚዶ ስታይ ጠረጴዛ ሥር ትደበቅ ስለነበር በጣም ደስ ብሎኛል። ኮሊ የሚባለውን የውሻ ዘር የምታሳድጉ ወይም ለማሳደግ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ እዚህ እንዴት እንደደረስን ላካፍላችሁ።

ዳማ ፀጉረ ረጅም ኮሊ ናት። በ3 ወሯ ነው የመጣችው፤ አሁን 1 ዓመት ከ8 ወር ሆኗታል። ስለ ቡችላነቷ ብዙ የምለው የለኝም። ውጭ መሽናት ቶሎ ለመደች፣ ስሟንም ወዲያው አወቀች። ኮሊ በስኮትላንድ ኮረብታዎች የእረኛውን ድምፅና ምልክት እየተከተለ በግ ሲነዳ የኖረ ዘር ነውና ትምህርት አይከብደውም። ያ የእረኝነት ደም ግን ቤት ውስጥም አለ። ልጆቼ ሲሮጡ ትዞራቸዋለች፤ ተረከዛቸውንም በጥርሷ ነካ ታደርጋለች። ክፋት የለበትም፣ መንጋ መሰብሰቧ ነው። ልጆቹ ቀጥ ብለው እንዲቆሙ አስተማርኳቸው፤ እሷን ደግሞ ጠርቼ ኳስ እሰጣታለሁ። አሁን በጣም ቀንሳለች።

ጩኸቷ ገና አልተፈታም። አንድ ጊዜ ትዕግሥቴ አልቆ በኃይል ጮህኩባት። ቀኑን ሙሉ አጠገቤ አልመጣችም፤ ጩኸቷም አልቀነሰም። ኮሊ ቁጣ አይችልም። ውሻን በቁጣ ነው የምገራው የሚል ሰው ሌላ ዘር ይፈልግ አልልም፤ ጭራሽ ውሻ ባይይዝ ይሻላል።

አሁን ወደ ፀጉሯ ልምጣ። ብዙ ያስቸገረኝ እሱ ነው።

የኮሊ ፀጉር ሁለት ድርብ ነው። ላዩ ረጅምና ሻካራ፣ ውስጡ እንደ ጥጥ ለስላሳና ጥቅጥቅ ያለ። ይህን ባውቅም ለወራት በየቀኑ በለስላሳ ብሩሽ ላዩን ብቻ ስቦርሽ ከረምኩ። ያንጸባርቅ ነበር፤ ያየ ሁሉ ያደንቃል። አንድ ቀን ከጆሮዋ ኋላ ጠጠር የመሰለ እብጠት ዳሰስኩ። ዕጢ ነው ብዬ ደንግጬ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሐኪሟ ፀጉሩን ገለጥ አድርጋ አሳየችኝ። የተቋጠረ ፀጉር ነበር። ብብቷ ሥርና ታፋዋ ላይም ብዙ አገኘን።

ቤት ስመለስ ሌላ ስህተት ሠራሁ። ቋጠሮውን በመቀስ ልቁረጥ ብዬ ቆዳዋን ቆረጥኩት። ቋጠሮ ቆዳውን ወደ ላይ ስቦ ስለሚይዘው የቱ ፀጉር፣ የቱ ቆዳ እንደሆነ አይለይም። ቁስሉ በቀናት ዳነ፤ ፍርሃቷ ግን ወራት ፈጀ። ስለዚህ እባካችሁ፣ መቀስ ወደ ቋጠሮ አታስጠጉ። ቋጠሮ ሳትፈቱም አትጠቡ፤ ሲርስ ይብስ ይጠብቃል።

የረዳን ነገር አንድ ተራ የብረት ሚዶ ነው። ግማሹ ጥርስ ሰፋ ያለ፣ ግማሹ ጠበብ ያለ። በጎኗ አስተኛታለሁ። ደረቅ ፀጉር ስለሚሰበር ትንሽ ውኃ ብቻ እረጭባታለሁ። በግራ እጄ ፀጉሩን ወደ ላይ ይዤ፣ የቆዳዋ መስመር እስኪታየኝ እገልጣለሁ። ከዚያ ከሥሩ እስከ ጫፉ ማበጠር። ቀጥሎ ሌላ ስስ ድርብ አወርዳለሁ። ከሆዷ ጀምሬ ወደ ጀርባዋ እወጣለሁ። ቋጠሮ ሲያጋጥመኝ ቆዳዋ እንዳይሳብ ሥሩን በጣቶቼ ቆንጥጬ ይዤ ከጫፉ ጥቂት በጥቂት እፈታለሁ። በሳምንት 2 ጊዜ ሙሉውን፣ ከጆሮዋ ኋላ ያለውን ግን በየቀኑ። የውስጡ ፀጉር በብዛት በሚረግፍበት ወቅት ሙሉውንም በየቀኑ ነው።

ፍርሃቷን ያስለቀቅነው በዝግታ ነው። መጀመሪያ ሚዶውን ከምግቧ አጠገብ ብቻ አስቀምጥ ነበር። ቀጥሎ ትከሻዋን አንዴ ነካ፣ ሽልማት፣ አበቃ። ቸኩዬ ሁለቴ ወደ ኋላ መልሻታለሁ።

«ይሞቃታል፣ ላጫት» የሚሉኝ አሉ። አልስማማም። ያ ድርብ ፀጉር ከፀሐይም ይከልላታል፤ ከተላጨ በኋላም እንደ ቀድሞው ላይመለስ ይችላል። ሰውነቷ ሁሉ ተቋጥሮ እያመማት ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያኔ ባለሙያ ይላጫት።

ከፀጉር የሚበልጥ አንድ ነገር ሳልነግራችሁ እንዳልቀር። ብዙ ኮሊዎች ኤምዲአር1 በሚባለው ዘረመል ላይ ጉድለት አለባቸው። ጤነኛው ዘረመል የሚሠራው ፕሮቲን አንዳንድ መድኃኒቶችን ከአንጎል እየገፋ ያስወጣል። ጉድለቱ ያለበት ኮሊ ላይ መድኃኒቱ አንጎል ውስጥ ይከማችና ያንገዳግዳል፣ ራስ ያስታል፣ ሊገድልም ይችላል። ለከብት የሚሰጠው ጠንካራ የጥገኛ ትላትል መድኃኒት፣ አይቨርሜክቲን፣ አንዱ ነው። የተቅማጥ መድኃኒቱ ሎፐራማይድም እንዲሁ። ዳማ ተቅማጥ ሲይዛት እኔ ከቤት መሳቢያ ሎፐራማይድ አውጥቼ ልሰጣት ነበር። ሐኪሟ በስልክ ባታስቆመኝ ኖሮ ምን እንደሚፈጠር ማሰብ አልፈልግም። ምርመራው ከጉንጭ ውስጥ በሚወሰድ ናሙና ይሠራል። ውሻችሁን ባመጣችሁበት ሳምንት አስመርምሩ።

የቀረን የኋላ እግሮቿ ናቸው። እዚያ ስደርስ አሁንም እግሯን ትስባለች። አላስገድዳትም፤ አንዱን ዛሬ፣ ሌላውን ነገ አበጥራለሁ።