ዊስቴሪያዬን ያጠወለገው ጥማት አልነበረም

በዘለላ የሚያብበው ሐረጌ፣ ዊስቴሪያዬ፣ መጠውለግ በጀመረበት ሳምንት አንድ ሰው «ባልዲውን አስቀምጥና መጀመሪያ አፈሩን ቆፍረህ እይ» ብሎኝ ቢሆን ኖሮ፣ ከሁለቱ ግንዶች ትልቁን አላጣም ነበር። ይህን የምጽፈው ያ ማስጠንቀቂያ ለእኔ በጊዜው ባይደርሰኝም ለሌላው እንዲደርሰው ብዬ ነው።

ስለ ተከላው ብዙ የምለው የለኝም፤ ችግኙን ገዛሁ፣ ጉድጓድ ቆፈርኩ፣ መደገፊያ አቆምኩ፣ ሐረጉም ሦስት ዓመት በደንብ አደገ። ከችግኙ ጋር የተሰጠኝ ወረቀት ጉድጓዱ ጥልቅ እንዲሆን፣ ከታች ጠጠር እንዲነጠፍበት፣ በላዩ ኮምፖስት እንዲሞላና ተክሉ በየቀኑ ውሃ እንዲጠጣ ያዝዛል። ይኸው ወረቀት ተክሉን የጃፓን ዝርያ ይለዋል። ሐረጉ ግን ከላይ ሆነው ሲያዩት የሰዓት ዘንግ ከሚዞርበት አቅጣጫ በተቃራኒ ስለሚጠመጠም የቻይናው ዝርያ መሆኑን ኋላ ላይ ተረዳሁ፤ የጃፓኑ በዘንጉ አቅጣጫ ነው የሚጠመጠመው። የተክሉን ስም እንኳ ያላጣራ ወረቀት ስለ አተካከል ያለውን ሁሉ አምኜ መቀበሌ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

በአራተኛው ዓመት አበባው እንደረገፈ የጫፍ ቅጠሎቹ ቀትር ላይ መዘንበል ጀመሩ። ሲመሽ ቀና ይሉ ስለነበር ሙቀቱ ነው ብዬ አለፍኩት። ከሳምንት በኋላ ግን ንጋት ላይም ቀና አላሉም፤ ቀለማቸውም ወደ ቢጫ ተለወጠ። እኔም ውሃውን ጨመርኩ፤ ጠዋት ሁለት ባልዲ፣ ማታ ሁለት ባልዲ፣ ለሦስት ሳምንት ያህል። በመካከሉ ጥቂት ቅጠሎች ቆርጬ ስለ ተክል በሽታ ምክር ወደሚሰጡ አንድ ባለሙያ ወሰድኩ። ባለሙያው ቅጠሉን አገላብጠው አዩና ፀረ ፈንገስ እንድረጭ፣ ውሃውንም እንዳላቋርጥ ነገሩኝ። አፈሩ ምን ዓይነት ነው፣ ሥሩን አይተኸዋል ወይ የሚል አንድ ጥያቄ አላነሱም። ሁለት ጊዜ ረጨሁ፤ ምንም ለውጥ አልመጣም። ጥፋቱን በእሳቸው ላይ ብቻ አልጥልም፣ ምክንያቱም ቅጠል ብቻ ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ። ምክር ፍለጋ የሚሄድ ሰው ከሥሩም ቆንጥሮ፣ ከአፈሩም ዘግኖ ይሂድ፤ የመጠውለግ ምልክት ቅጠል ላይ ይታይ እንጂ መንስኤው ብዙ ጊዜ ያለው ከታች ነው።

በመጨረሻ ነገሩን ራሴ ከላይ ወደ ታች መመርመር ያዝኩ። የቅርንጫፎቹን ቅርፊት በጥፍሬ ስፍቅ ከቅርፊቱ ሥር አረንጓዴና እርጥብ ስለነበር ተክሉ ገና እንዳልሞተ አወቅኩ። አንድ ቅርንጫፍ ቆርጬ እንጨቱን ሳይ ቨርቲሲሊየም የሚባለው ፈንገስ ብዙ ጊዜ የሚያሳየው ጠቆር ያለ መስመር የለበትም። ግንዱን ያነቀ ገመድ፣ የሣር ማጨጃ የላጠው ቁስል፣ ትል የበሳው ቀዳዳም አላገኘሁም። ከግንዱ ግርጌ ቅርፊቱን ትንሽ አንስቼ የእንጉዳይ ሽታ ያለው ነጭ ሽፋን ፈለግኩ፤ እሱ ቢገኝ አርሚላሪያ የተባለው ሥር አጥፊ ፈንገስ ስለሚሆን ተስፋው የመነመነ ነበር። አልነበረም። ከዚያ ቆፈርኩ።

አንድ ስንዝር እንኳ ሳልወርድ የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። አፈሩ ጥቁር ጭቃ ሆኗል፤ የቆፈርኩት ቀዳዳ ዓይኔ እያየ ከጎኑ በሚሰርግ ውሃ ተሞላ። እንደ እርሳስ የቀጠነ አንድ ሥር በሁለት ጣቴ ይዤ ሳብ ሳደርገው ውጪኛው ልባስ እንደ እጅጌ ተንሸራቶ ጣቴ ላይ ቀረና ከውስጡ ቀጭን ክር ብቻ ወጣ። ጤነኛ ሥር ጠንካራና ፈዛዛ ነው፤ እንዲህ አይላጥም። ለሦስት ሳምንት በባልዲ ሳጠጣው የከረምኩት ተክል እየሰጠመ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ፤ እጄ ላይ የቀረውን ልባስ እያየሁ ብዙ ቆየሁ።

በውሃ የታፈነ ሥር አየር ስለማያገኝ ውሃ መሳብ ያቆማል፤ ስለዚህ ተክሉ ውሃ ውስጥ ቆሞ ልክ እንደተጠማ ይጠወልጋል። የግቢዬ አፈር ውሃ የማያሳልፍ ሸክላ ነው፤ እሱን ቆፍሬ ኮምፖስት ስሞላበት ውሃ የሚያቁር ገንዳ ነበር የሠራሁት። ጠጠሩም አልረዳም፤ ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር የሚወርደው ደቃቁ አፈር እስኪጠግብ ድረስ ከጠጣ በኋላ ስለሆነ፣ ጠጠሩ ረግረጉን ወደ ሥሩ ከፍ አደረገው እንጂ አላደረቀውም። ጉድጓድ ሥር ጠጠር ንጠፉ የሚለው ምክር ዛሬም በየቦታው ይሰጣል፤ እኔ ግን ማንም እንዳይከተለው አጥብቄ እላለሁ። በእንዲህ ያለ አፈር ውስጥ ፋይቶፍቶራ የሚባለው ተሕዋስ ይመቸዋል። ስሙ በግሪክኛ «ተክል አጥፊ» ማለት ሲሆን ዘሩ በውሃ ውስጥ እየዋኘ ከሥር ወደ ሥር ይደርሳል። እውነተኛ ፈንገስ ስላልሆነም ብዙዎቹ የተለመዱት ፀረ ፈንገሶች አይጎዱትም፤ ቅጠል ላይ የተረጨ መድኃኒትማ ለበሰበሰ ሥር ምን ሊያደርግ ይችላል?

ለማረጋገጥ ከአጠገቡ 30 ሴንቲ ሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ ቆፍሬ ውሃ ሞላሁት፤ ሲሰርግም እንደገና ሞላሁትና ለካሁ። በአንድ ሰዓት ውስጥ 1 ሴንቲ ሜትር እንኳ አልወረደም፤ ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ የውሃው መውረጃ ደካማ ነው ይባላል። ይህ ሙከራ ከተከላ በፊት አንድ ቀን ብቻ ይወስድብኝ ነበር።

ያደገ ዊስቴሪያ ሥሩ መነካካት ስለማይወድ ከቦታው አይነሳ፣ ማንሳት ግድ ከሆነም ቅጠሉ በረገፈበት ወቅት ይሁን ይላሉ መመሪያዎቹ። ምክሩ ለጤነኛ ተክል ትክክል ነው። የእኔ ግን እስከዚያ ስለማይቆይ በሙሉ ቅጠሉ አነሳሁት፤ ዛሬም ደግሜ አደርገዋለሁ። የበሰበሰውን ሥር እስከ ጤነኛው ድረስ ቆረጥኩ፤ መቀሱን በየቆረጣው 70 በመቶ በሆነ አልኮል እጠርግ ነበር። ከዚያ ከመሬቱ 40 ሴንቲ ሜትር ከፍ ባለ የአፈር ክምር ላይ፣ ያለ ኮምፖስትና ያለ ጠጠር፣ ተፈላጊው ዝርያ በሌላ ተክል ሥር ላይ የተጣበቀበት እብጠት ከአፈር በላይ ሆኖ እንዲታይ አድርጌ ተከልኩት። አፈሩን የሚሸፍነውን ጉዝጓዝ ከግንዱ አንድ ስንዝር አራቅሁ። ማዳበሪያ ጨርሶ አልሰጠሁትም፤ ዊስቴሪያ ከባቄላና ከአተር ወገን ስለሆነ ሥሩ ላይ ባሉ ባክቴሪያዎች አማካይነት ናይትሮጅን ከአየር ያገኛል፤ የቆሰለ ሥርን ደግሞ የማዳበሪያ ጨው ያቃጥለዋል።

የምጸጸትበት ስህተት የመጣው እዚህ ላይ ነው። ሥሩ በግማሽ ሲቀነስ ከላይ ያለውም በዚያው ልክ መቀነስ ነበረበት፤ እኔ ግን በቀጣዩ ዓመት አበባ የሚሰጡትን ረጃጅም ሐረጎች መግረዝ ሳሳሁ። ሐረጎቹን የሚመግብ ሥር አልነበረም። ትልቁ ግንድ በአሥራ ሁለት ቀን ውስጥ ከጫፉ እስከ ግርጌው ደረቀ፤ በጥፍሬ ስፍቀው ከቅርፊቱ ሥር ያገኘሁት ቡናማ ብቻ ነበር። ሁለተኛውን ግንድ በዚያው ዕለት ከሦስት እጅ ሁለቱን ቆረጥኩት። እዚህ ደረጃ ላይ የደረሰ ሰው አበባውን ይርሳና ሳያመነታ ይግረዝ።

ከዚያ በኋላ ጣቴን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ አስገብቼ ደረቅ ካላገኘሁት በቀር ውሃ አልሰጠሁም። አርባ ቀን ያህል ምንም አልታየም። በአርባ አንደኛው ቀን ጠዋት ከግንዱ ጎን የስንዴ ቅንጣት የሚያክል፣ ብርማ ጠጉር የለበሰ ቡቃያ አየሁ። ደስታዬን ገትቼ መጀመሪያ ያየሁት ከየት እንደወጣ ነው፤ ከተጣበቀበት እብጠት በታች የሚወጣ ቡቃያ የሥረ መሠረቱ ተክል ስለሆነ ተፈላጊውን አበባ አይሰጥም። ከእብጠቱ አራት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ነበር የወጣው።

ሁለት ዓመት ያለ አበባ አለፈ፤ በሦስተኛው ዓመት ዘጠኝ ዘለላ ሰጠ። የደረቀውን ግንድ ከመሬት እኩል ቆርጬ አነሳሁት፤ በአሮጌው ጉድጓድ ቦታ ግን ውሃው ወደ ግቢው ዝቅተኛ ጠርዝ የሚሄድበት ቦይ ቆፍሬበት ምንም ሳልተክልበት ትቼዋለሁ።