ስምንቷን ማን ወሰዳት? ከደብረ ማርቆስ ሳይንስን በአማርኛ ስንጽፍ

ሳይንስን ለሰፊው አንባቢ መጻፍ የጀመርኩት በባቄላ ምክንያት ነው። መተማ አድጋ በጋብቻ ደብረ ማርቆስ የገባች ጎረቤታችን "የዚህ አገር ባቄላ ድንጋይ ነው፤ ከሰል ይፈጃል እንጂ አይበስልም" እያለች ታማርራለች። ሌሎቹ ሴቶች አንዴ በውሃው፣ አንዴ በከሰሉ፣ ዞር ስትልላቸው ደግሞ በሙያዋ ያሳብባሉ። እኔ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ፤ መልሱ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ የምጽፈው ነገር ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍ ባልን ቁጥር ከላያችን ያለው አየር እየሳሳ ግፊቱ ስለሚቀንስ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል። በግምት በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይወርዳል። አንዴ ከፈላ በኋላ እሳት ቢጨመርበት ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። መተማ ቆላ ነው፤ ጎረቤታችን እዚያ ከለመደችው በቀዘቀዘ ውሃ ነበር ባቄላ የምትቀቅለው።

በቃል ስነግራቸው ከቁም ነገር የቆጠረኝ የለም። ስለዚህ ከትምህርት ቤቱ ላቦራቶሪ ቴርሞሜትር ተውሼ መጣሁ፤ ድስቱ ሲንተከተክ ነከርነው። ቀዩ መስመር ሽቅብ ሮጦ ሮጦ 92 ላይ ቆመ። ከሰል ተጨመረ፣ ተራገበ፤ ንቅንቅ የለም። የጎረቤታችን አማት መነጽራቸውን አስተካክለው ጎንበስ ብለው አዩና "እና ስምንቷን ማን ወሰዳት?" አሉ።

ማታውኑ ጻፍኩት፤ ርእሱም የእሳቸው ጥያቄ ሆነ። ጽሑፉ በስልክ ከቤት ቤት ዞረና በሰፈሩ ብቻ አልቀረም፤ ከደጀን፣ ከቢቸና፣ ከፍኖተ ሰላም ጥያቄ ይመጣ ጀመር። "ጮቄ አናት ላይስ?" ያለ ነበር። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ ውሃ 87 ዲግሪ ቢደርስ ነው። "ታዲያ ምን ይሻላል?" ላሉት ባቄላውን አሳድሮ መዘፍዘፍና ክዳኑ ጥብቅ ሆኖ እንፋሎት የሚያፍነውን ድስት መጠቀም ነው አልኩ፤ እንፋሎቱ ሲታፈን ግፊቱ ከፍ ይልና ውሃው ከ100 በላይም ይሞቃል።

ከዚያ ወዲህ የያዝኩት ልማድ አንድ ነው፦ ሰው አስቀድሞ ያልጠየቀውን አልጽፍም። "ይህን ያውቁ ኖሯል?" እየተባለ የሚወጣውን ዓይነት ጽሑፍ አልወደውም። አንባቢን አስደንቆ ይሸኛል፤ ከዚያ ሌላ የሚሰጠው ነገር የለም። ብዙውም ውሸት ነው። ሰው ከአእምሮው 10 በመቶውን ብቻ ይጠቀማል የሚለው አሁንም በየስልኩ ይዞራል፤ የአእምሮ ምስል የሚያነሱ ሐኪሞች ግን ተኝተን እንኳ ሥራ የፈታ ሰፊ ክፍል አያገኙም። በአንጻሩ የገበሬ ጥያቄ፣ የእናት ጥያቄ፣ የተማሪ ጥያቄ መልሱን የሚያጣራ ባለቤት አለው። ብትዋሽ ነገ ድስቱ ላይ ያጋልጥሃል።

ብቻዬን ግን ብዙ አልገፋሁም። መጀመሪያ አንዲት ነርስ መጣች፤ ቀጥሎ ስናን ወረዳ የሚሠራ የግብርና ባለሙያ፣ ከዩኒቨርሲቲው አንድ የባዮሎጂ መምህር፣ ቅኔ ቤት ቆይቶ በኋላ ፊዚክስ የተማረ አንድ ወጣት። ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ጓደኛችን አንድም መስመር ጽፎ አያውቅም፤ ከሁላችንም በላይ የሚያነበው ግን እሱ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ቡና ቤት ጓሮ እንሰበሰባለን፤ ባለቤቷ በአንድ ስኒ ይህን ያህል መቀመጣችንን ችላ ቆይታለች፤ እድሜ ይስጣት።

የስብሰባውን ሥርዓት ያመጣው ያ የቅኔ ቤት ልጅ ነው። በቅኔ ቤት ተማሪው ቀን ሙሉ ብቻውን ሲቆጥር፣ ማለትም ቅኔ ሲያሰናዳ፣ የዋለውን ማታ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ መምህሩም እዚያው ያርመዋል ወይም ይመልሰዋል። እኛም እንደዚያው አደረግን፤ ጽሑፍ ከመውጣቱ በፊት ጸሐፊው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፣ ሌላው ይሰማል። ወረቀቱን ማንም አያይም። ጆሮ ዓይን የማይይዘውን ይይዛል፤ አንባቢው መሃል ላይ ትንፋሽ ካጠረው አረፍተ ነገሩ ረዝሟል፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ጓደኛችን ስልኩን ከኪሱ ካወጣ ደግሞ አንቀጹ ይሰረዛል። በዚህ ጉዳይ ይግባኝ የለም።

ከሁሉ የደከምንበት የአፈሩ ጽሑፍ ነው። የግብርና ባለሙያው ከጮቄ ግርጌ ያሉ ገበሬዎች ደጋግመው የሚያነሱትን ይዞ መጣ፦ ማዳበሪያ እንደ ድሮው እንጥላለን፣ ገብሱ ግን ቢጫ ሆኖ ይቀራል። አፈሩ ኮምጥጦ ነው። በደጋው ክረምቱ ከባድ ነው፤ ዝናቡ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን አጥቦ ወደ ታች ይወስደዋል። አዝመራው ሲታጨድ ገለባው ለከብትና ለማገዶ ስለሚሄድ ወደ መሬቱ የሚመለስ የለም። የአፈሩ ፒኤች (የኮምጣጣነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አፈሩ ኮምጥጧል ማለት ነው) ከ5.5 በታች ሲወርድ ከጭቃው ጋር ተጣብቆ የኖረው አሉሚኒየም ይሟሟና የሰብሉን ሥር ያደነዝዛል። በማዳበሪያ የተጨመረው ፎስፈረስም እዚያው ይታሰራል። ገበሬው በውድ የገዛው ማዳበሪያ ማሳው ውስጥ ተቀምጦ ሰብሉ ግን አይደርስበትም ማለት ነው።

ይህን ለመጻፍ አልቸገረንም፤ የቸገረው ማንበቡ ነው። ባለሙያው ጽሑፉን ይዞ ረቡዕ ገበያ ሄደና ለጥቂት ገበሬዎች አነበበላቸው። አንድ ሽማግሌ እስከ መጨረሻው ሰምተው "ልጄ፣ ይሄንን እኛም እናውቃለን፤ መሬቱ እንደኮመጠጠ እንግዶው ነግሮናል" አሉት። ልክ ናቸው። እንግዶ የአጃ ዓይነት ሰብል ነው፤ ኮምጣጣ አፈር ይችላል፤ ገብስ እምቢ ያለው ማሳ በእንግዶ የሚሸፈነው ለዚህ ነው። የእሳቸው ጥያቄ ሌላ ነበር፦ ኖራው ስንት ኩንታል ነው፣ ማን ያመላልሰዋል፣ ዘንድሮ ብበትነው ዘንድሮ አያለሁ ወይ?

ጽሑፉን ከእሳቸው ጥያቄ ጀምረን እንደገና ሠራነው። ኖራ አሲዱን ያበርዳል፣ ነገር ግን እንደ ዩሪያ በእፍኝ የሚረጭ ነገር አይደለም፤ እንደ አፈሩ ኮምጣጣነት ለአንድ ሄክታር በአሥሮች የሚቆጠር ኩንታል ይጠይቃል። ከመዘራቱ በፊት ቀደም ብሎ ተበትኖ ከአፈሩ ጋር በእርሻ መደባለቅ አለበት፣ ከዚያም ውጤቱ ለተከታታይ ዓመታት ይቆያል። መጠኑ የሚታወቀው አፈሩ ተመርምሮ ነው፤ በግምት አይሆንም። የኬሚስትሪው ክፍል ወደ ሁለት አንቀጽ ወርዶ መጨረሻ ላይ ተቀመጠ። ሙያዬ ስለሆነ ትንሽ ቆረቆረኝ፤ ይሁን።

ነርሷ ያስተማረችን ሌላ ነው። የባዮሎጂ መምህሩ ስለ ቢልሃርዝያ ጽፎ መጣ፤ ጣና ዳር ዋና ለሚወዱ ልጆች አስፈላጊ ነገር ነው። ተውሳኩ ቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ ወደ ውሃው ይወጣና በቆዳ በኩል ሰው ውስጥ ይገባል። ጽሑፉ የሚያምረው የሳይንቲስቱን የአክሊሉ ለማን ታሪክ ስለያዘ ነው። በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አየ፤ ከዚያ ተነስቶ እንዶድ ቀንድ አውጣ ገዳይ መሆኑን አረጋገጠ። በ1989 እ.ኤ.አ. ከለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሰጣቸው። ሁላችንም አጨበጨብን፤ ነርሷ ግን ዝም አለች። "እንዶድ የጠጡ ሰዎች አክሜ አውቃለሁ" አለች በመጨረሻ፤ "ይህን ያነበበ ሰው ቀንድ አውጣውን ከገደለ የሆዴንም ትል ይገድላል ብሎ ይጠጣዋል። እንዶድ መርዝ ነው። መጀመሪያው መስመር ላይ አይጠጣም ይባል።" መምህሩ ታሪኩ ይደበዝዛል ብሎ ተከራከረ፤ አልተሳካለትም። አሁን ጤናን በሚመለከት ጽሑፍ ሁሉ ማስጠንቀቂያው ከላይ ይመጣል፤ ውበቱ ከታች ይጠብቃል።

ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጋር እንጣላለን ብለው የሚያስቡ አሉ። አንጣላም። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እሁድ ጠዋት ፀሐይ በተጋረደች ጊዜ ያወቅነው ነው። ላሊበላ ላይ ቀለበት ሆና ታየች፤ እኛ ዘንድ ደግሞ አብዛኛው ክፍሏ ተሸፈነ። አስቀድመን በባዶ ዓይን እንዳትመለከቱ፣ ካርቶን በመርፌ ብሱና ጥላውን እዩ ብለን ጽፈን ነበር። ሁለት ሰዓት ገደማ ደመናው ገለጥ ሲል ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ከአንድ ዋርካ ሥር ቆመናል፤ በቅጠሎቹ መሃል የሾለከው ብርሃን እንደ ወትሮው ክብ አይደለም፣ ሁሉም ማጭድ ማጭድ መስሏል። የምእመናኑ ነጠላ በትንንሽ ማጭዶች ተሞላ። ሕፃናቱ በጣታቸው ለመልቀም ይሞክራሉ። አንድ ቄስ ቀርበው ምክንያቱን ጠየቁን፤ በቅጠልና በቅጠል መካከል ያለው እያንዳንዱ ቀዳዳ እንደ ካርቶኑ ብስ የፀሐይዋን ምስል እንደሚጥል አስረዳናቸው። ለቆመው ሕዝብ መልሰው ያስረዱት እሳቸው ናቸው፤ ከእኛም አሳጥረው።

ገንዘብ የሚባል ነገር በዚህ ሥራ የለም፤ ቢኖር ይህን ያህል እንስማማ እንደሆነ እጠራጠራለሁ። የሚያበሳጨው ሌላ ነው፦ የአፈሩን ጽሑፍ ጸሐፊውን ሳይጠሩ፣ ይባስ ብሎ አፈሩ መመርመር አለበት የሚለውን ክፍል ቆርጠው ያሠራጩት ነበሩ። ስማችን ቢቀር ባልከፋን፤ ምርመራው ሲቀር ግን ጽሑፉ ሰው ሊያከስር ይችላል። ስለዚህ አሁን ዋናውን ማስጠንቀቂያ ለብቻው አንቀጽ አንሰጠውም፤ ከምክሩ ጋር በአንድ አረፍተ ነገር እናስረዋለን። ቆርጦ የሚወስድ ካለ አብሮ ይወስደዋል።

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥና ለብዙ ወራት ሲጠፋ ሥራው ያበቃለት መስሎን ነበር። ያዳነን ፎቶ ኮፒ ቤቱ ነው። አንድ ገጽ ፊትና ጀርባ፣ ፊደሉ ተለቅ ብሎ፣ በአጣጣፊ ወረቀት። በተማሪዎች ቦርሳና በገበያተኛ እጅ ይሄዳል። ወረቀት ቦታ ስለማይሰጥ ከዚያ በፊት ከነበሩት ጽሑፎቻችን ይልቅ ያን ጊዜ የጻፍናቸው ይሻላሉ፤ ኢንተርኔቱ ከተመለሰ በኋላም ከአንድ ገጽ የማለፍ ፈቃድ የሚሰጠን ፎቶ ኮፒ ቤቱ ብቻ ነው።

አሁን የያዘን አረቄ ነው። አረቄ የሚያወጡ ሁለት እናቶች ራሳቸው ጠየቁን፤ መጀመሪያ የሚወርደው ጠብታ ለምን ይደፋል ይባላል? አልኮሉ በባሕር ጠለል ደረጃ 78 ዲግሪ ላይ፣ ሜታኖል የሚባለው መርዛማ የአልኮል ዓይነት ደግሞ 65 ላይ ይፈላሉ፤ እኛ ዘንድ ሁለቱም ዝቅ ይላሉ። ቀድሞ የሚወርደው ቀለል ቀለል ያለውን ይዞ ይወርዳል፣ ግን በሸክላና በመቃ ሙሉ በሙሉ አይለይም። ነርሷ ሰው የሚገድለው ብዙውን ጊዜ ከውጭ የሚደባለቅ የኢንዱስትሪ አልኮል መሆኑ ከላይ ይጻፍ ትላለች። እኔ የእናቶቹን ገበያ እንዳናበላሽ እፈራለሁ። የቅኔ ቤቱ ልጅ ደግሞ ረቂቁን ለእነሱው ለባለሙያዎቹ እናንብብላቸው ብሏል፤ ለቅዳሜ ቀጥረናቸዋል።